ቀን የምትነክስ ቢምቢ

መስከረም 10፣ ዓርብ

ዑግባድ ታማለች። የእሷን ቤትና የእኛን የሚለየው አንድ ግድግዳ ስለሆነ ስታቃስት ይሰማል። ልጇ ዳሂር ባጃጁን ደጅ አቁሞ ሲወጣ ሲገባ ዋለ። ማዘንጊያን «እዚያ ቤት እንዳትሄጂ» አልኳት። እሺ አለች። ሚስቴ እሺ ስትል ነው የምፈራት።

ማታ ነጠላዋ የሰው ቤት ቅመም ይሸታል።

«ምን ሆናለች?» አልኳት።

«ማን?»

ይህን ያህል ዘመን አብሮኝ የኖረ ሰው «ማን?» ካለኝ የሚደብቀው ነገር አለ። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር።

መስከረም 12፣ እሑድ

ውሃ መጣ። ቧንቧው ሲያስነጥስ የሰማሁት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነው፤ ልብሴን ሳልቀይር በርሜሎቹን፣ ጀሪካኖቹን፣ ባልዲውን ሁሉ ሞላሁ። በዚህ ከተማ ውሃ የመጣ ቀን ያልሞላ ሰው ሞኝ ነው። የበርሜሎቹን ክዳን ምድር ባቡር ወርክሾፕ ሳለሁ በእጄ የሠራሁት ነው፤ እንደ ድስት ክዳን ገጥሞ ይቀመጣል። ማንም ከፍቶ እንደሆነ እንዳውቅ በጠመኔ ምልክት አደረግሁበት።

ዳሂር በግቢዎቻችን መካከል ባለው ግድግዳ ላይ አንገቱን አስግጎ «አዴር፣ ውሃ መጣ እንዴ?» አለኝ። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። የእኔን በርሜል እያየ ነበር የሚጠይቀኝ።

ቤት ውስጥ ደግሞ የጣሳዎቹን ውሃ ሞላሁ። በሐምሌ ጉንዳን አልጋውን በጀመረ ጊዜ የአልጋውን እግሮች በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አቁሜ ጣሳዎቹን ውሃ ሞላኋቸው። የምግብ ቁም ሳጥኑንም እንዲሁ። ጉንዳን ውሃ አይሻገርም። ይህን ያስተማረኝ የለም፣ ራሴ ያወጣሁት ዘዴ ነው። ከዚያ ወዲህ ውሃው ሲጎድል መጨመር ብቻ ነው።

መስከረም 15፣ ረቡዕ

ከጤና ጣቢያ ነኝ ያለች ልጅ መጣች። ዓኒሳ ትባላለች። በጠራራ ፀሐይ ባትሪ ይዛለች። በጠራራ ፀሐይ ባትሪ የያዘ ሰው ምን ፈልጎ ነው?

«አባባ፣ የውሃ ዕቃዎትን ልይልዎት? ሰፈሩ ደንጊ ገብቶበታል።»

«ደንጊ ማነው?»

«ከቢምቢ ነው የሚመጣው፣ ከቫይረስ ነው። ትኩሳት አለው፣ አጥንት ይሰብራል።»

«ቢምቢ የምትራባው ረግረግ ላይ ነው። ረግረግ ካየሽ አሳዪኝ።»

«ይቺኛዋ ንጹሕ ውሃ ነው የምትወደው። የምትነክሰውም ቀን ነው።»

ሳቅሁ። ወባን እሷ ሳትወለድ ጀምሬ አውቃታለሁ፤ የሌሊት ፈረቃ ናት። ቀን የምትነክስ ቢምቢ ማለት ቀን የሚጮህ ጅብ እንደ ማለት ነው። ልጅቷ ግን አልተናደደችም፤ እሱም አጠራጠረኝ። ከቦርሳዋ ነገር አውጥታ፣

«እንግዲያው በርሜሉ ላይ አቤት ልጨምርበት» አለች።

«ማን ጠርቶሽ ነው አቤት የምትይው?»

ማዘንጊያ ከኋላዬ ሳቋ አመለጣት። ልጅቷም ሒጃቧን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። «ስሙ ነው አባባ። የቢምቢውን እጭ የሚገድለው ኬሚካል አቤት ነው የሚባለው። ለሰው አይጎዳም።»

ለሰው የማይጎዳ ለትል እንዴት ይጎዳል? የምጠጣው ውሃ ውስጥ ስሙ አቤት የሆነ ዱቄት አላስጨምርም። አሰናበትኳት። ማዘንጊያ እስከ በር ሸኘቻት፤ በሩ ላይ ቆመው ተንሾካሾኩ። ከሰዓት በኋላ ለግቢው በር አዲስ ቁልፍ ገዛሁ።

መስከረም 18፣ ቅዳሜ

ማዘንጊያ ተኛች። ትኩሳት። በድንገት፣ ምሳ እያቀረበች ሳለ። ዑግባድ ቤት ሄዳ ነው ያመጣችው። አልኳት እኮ።

መስከረም 19፣ እሑድ

ማዘንጊያ ስታለቅስ አላውቅም፤ ዛሬ ግን እግሯን ስታዘዋውር እንባዋ ወረደ። «አንተ ሰው፣ ከዓይኔ ኋላ አንድ ነገር ወደ ውጭ ይገፋኛል» ትላለች። ወገቧ፣ ጉልበቷ፣ ጣቶቿ ሁሉ።

እኔ ቤተ ክርስቲያን ሳለሁ ልጃችን ስምረት ጤና ጣቢያ ወስዳት መጥታለች። ለእኔ የነገረኝ የለም። ያወቅሁት በክንዷ ላይ ጥጥ ተለጥፎ አይቼ ነው። ወባ የለባትም ተባለ። ወባ ከሌለባትማ ደንጊ ነው ብለዋል። አንዱ ሲጠፋ ሌላውን መስጠት! ሰው ይህ ስም ሳይመጣ በፊት በምን ይታመም ነበር?

ስምረት ጠረጴዛው ላይ ፓራሲታሞልና ለምለም የሚባለውን በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ደረደረች።

«አባዬ፣ ከዚህ ሌላ ምንም እንዳትሰጣት። ዲክሎፌናክ እንዳትወስድ ብለዋል፣ ያደማል። ብዙ ትጠጣ። ቀን ቀን አጎበር ውስጥ ትሁን።»

«ቀን አጎበር? ጎረቤት አስከሬን አለ እንዲል ነው?»

«እሷን የነከሰች ቢምቢ አንተን እንዳትነክስህ ነው» አለችና ፈረቃዋ ደርሶ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሄደች።

አጎበሩን ሰቅላው ሄዳለች። እኔ አወረድኩት። ከሽንት ቤት ስመለስ ተሰቅሏል። ያቺ መነሳት አቃተኝ የምትል ሴት!

መስከረም 20፣ ሰኞ

ነገሩን ሳስበው አደርኩ። ደካማውን ፓራሲታሞል ስጧት፣ ጠንካራውን አትስጧት ይላሉ። በሽተኛ ቶሎ ከዳነ ማን ተመልሶ ይመጣል? ዲክሎፌናክን እኔ አውቀዋለሁ፤ ጉልበቴን ያስነሳው እሱ ነው። ከሳጥኔ አውጥቼ ከምግብ በኋላ ሰጠኋት። ጠዋትና ማታ።

«ስምረት ከልክላለች» አለች።

«ስምረት ልብስ ትሰፋለች። ሐኪም አይደለችም።»

«አንተስ?»

ታማለች ብዬ አለፍኩት።

ዑግባድ ድና መጥታለች። በትልቅ ጆግ ሎሚ ጨምቃ፣ ጨውና ስኳር አድርጋ። ፊቷ ገርጥቷል፣ ስትራመድ እንደ አሮጊት ጉልበቷን ይዛ ነው። መጀመሪያ እኔ ቀመስኩት።

«መርዝ አለው ጋሽ ሰይፈ?» አለችኝ ቆማ እያየችኝ።

«ስኳሩ በዝቷል።»

«ሃዬ፣ መርዙን እንዲሸፍነው ብዬ ነው።»

ሁለቱ ተሳሳቁ። ጆጉን ጨርሳ ጠጣችው ማዘንጊያ። ከእኔ እጅ ግን ጉንጭ ታህል ውሃ አይወርድላትም።

መስከረም 21፣ ማክሰኞ

ቤቴን ፈተሹት። እንደ ሌባ ቤት።

ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ስምረት በሩን ከፍታ ያቺን ዓኒሳን አስገብታለች። ልጅቷ መኝታ ቤታችን ውስጥ በሆዷ ተኝታ በባትሪ ከአልጋው ሥር ታበራለች። «ምን ጠፍቶሽ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«አገኘሁት አባባ» አለች።

ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ግቢ አውጥታ ነጭ ሳሕን ላይ ገለበጠቻቸው። ውሃው ውስጥ ክር የሚያካክሉ ነገሮች ይንፈራገጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። ከቁም ሳጥኑም ጣሳ እንዲሁ።

«በርሜልዎት ጥሩ ነው፣ ክዳኑ ጎበዝ ነው» አለች። «እነዚህ ግን... ማን ነው አልጋው ሥር ያደረጋቸው?»

ማዘንጊያ ከአጎበሩ ውስጥ «ጉንዳን አስቸግሮን ነው» አለች። እሷ ያደረገችው ይመስል።

ዑግባድ በግድግዳው ላይ እያየች ነበር። ዓኒሳ «ይቺ ቢምቢ ሩቅ አትበርም፣ የራሷን ቤትና የጎረቤትን ነው የምትነክሰው» ስትል ዑግባድ ወደ ሳሕኑ አየች፣ ቀጥሎ ወደ እኔ አየች። ምን ለማለት እንደ ፈለገች አልገባኝም። ትሉ ከእሷ ግቢ የመጣ መሆን አለበት። እኔ የምጨምረው ንጹሕ ውሃ ነው።

ልጅቷ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፣ እንቁላሉ ጣሳው ጎን ላይ ይጣበቃል፣ ካልተፈገፈገ ውሃ ሲነካው እንደገና ይፈለፈላል ብላ ሄደች። በሽቦ ልፈገፍግ ጀምሬ ተውኩት። ጣሳዎቹን ሁሉ በመዶሻ ደበደብኳቸው፤ እንደ ወረቀት እስኪሳሱ። ስምረት ከመስኮት ስታየኝ ነበር።

ጉንዳኑ ዛሬ ማታ ይመጣል። ይምጣ።

መስከረም 22፣ ረቡዕ

ተንኮል አግኝቻለሁ።

ማዘንጊያ ፊቷን ልትታጠብ ስትነሳ ነጠላዋ አልጋው ላይ ቀረ። ጫፉ ተቋጥሯል። ዑግባድ ያሳሰረቻት ነገር ነው ብዬ ፈታሁት። የእኔ ዲክሎፌናክ ነው። የሰጠኋት በሙሉ፣ አንድም ሳይጎድል፣ ላብ ነክቷቸው ቢጫቸው ለቋል።

«ይህ ምንድነው?»

ዝም።

«ማን ነው እንዳትወስጂ ያለሽ? ያቺ ባለ ባትሪዋ ናት? ዑግባድ ናት? ልጅሽ ናት?»

«እኔ ነኝ» አለች።

አላመንኩም። ማዘንጊያ በራሷ እንዲህ አታደርግም። አንድ ሰው ከጀርባ አለ። አንድ ፍሬ አውጥቼ እፊቴ አስዋጥኳት። ምላስሽን አንሺ አልኳት፤ አነሳች። ከሥር የለም። ውሃ ጠጣች። ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። እንዲህ ስታየኝ አላውቅም፤ እንደ እንግዳ ሰው።

መስከረም 23፣ ሐሙስ

ትኩሳቱ ለቀቃት!

ጠዋት ግንባሯን ስነካው ቀዝቅዟል። ለስምረት ነገርኳት፤ «ያ የምትፈሩት መድኃኒት ነው ያዳናት» አልኳት። ስምረት ደስ ያላት አትመስልም። «አሁን ነው የሚያስፈራው አባዬ፤ ትኩሳቱ ሲወርድ ጠብቋት ብለዋል። ሆዷን ካመማት፣ ካስመለሳት፣ ከደማች...» እያለች ትቆጥርልኛለች። ትታመም ተጠንቀቅ፣ ትዳን ተጠንቀቅ! በሰው ጤና የሚከፋው ሰው ምን ይባላል?

ማዘንጊያን ተነሺና ፀሐይ ሙቂ አልኳት። እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች። እጆቿ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለ። ቁንጫ ነው።

ማታ። አንድ ነገር ቀርቶብኛል። መፋቂያዋን ስታወጣው ደም ነበረበት። መፋቂያውን ከመጋላ ገበያ ነው የገዛችው፣ ደረቅ እንጨት ሸጠውላት ይሆናል። ነገ ሌላ እገዛላታለሁ።

መስከረም 24፣ ዓርብ

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነኝ። በአጭሩ።

ከንጋት ጀምሮ ሆዴን አለች። የወሰደችውን ሁሉ መለሰች፤ ውሃም፣ ሎሚም። ስምረት ከሌሊት ፈረቃ ገብታ እናቷን ስታይ ቦርሳዋን ከእጇ ጣለችው። «ዳሂር!» ብላ በግድግዳው ላይ ጮኸች።

ዓኒሳ ከገባች ወዲህ የግቢውን በር ሁልጊዜ እቆልፈዋለሁ፤ ቁልፉ እኔ ኪስ ነው።

«አባዬ፣ ቁልፉን።»

«መጀመሪያ ትረጋጋ። ትናንት ድናለች።»

ዑግባድ ከውጭ በሩን በመዳፏ ትደበድባለች። «ዋርያ!» አለችኝ። ዋርያ ለጎረምሳ ነው የሚባለው፣ በዚህ ዕድሜዬ። «ዋርያ፣ ክፈት! ወላሂ የእኅቴ ልጅ ሆዳን እንዲህ ነው የሞተችው! ዳነች ብለን አብስለን በላን፣ በማግሥቱ ቀበርናት!»

ይህን ነግራኝ አታውቅም። ለማዘንጊያ ግን ነግራታለች። ከፊቷ አየሁት።

«አባዬ!»

«እያሰብኩ ነው!»

ማዘንጊያ አልጮኸችም። ወለሉ ላይ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ተቀምጣለች። ላነሳት እግሯን ያዝኩ። በዚያ ሙቀት፣ በድሬዳዋ፣ እግሯ ሌሊት ውጭ እንዳደረ ብረት ነው። ብረት ስነካ ነው የኖርኩት፤ ቅዝቃዜን አውቃለሁ። ይህ የዳነ ሰው ቅዝቃዜ አይደለም።

ቁልፉን ያወጣሁት ስለጮሁብኝ አይደለም።

ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ አልገባ አለኝ። ስምረት ከእጄ ነጥቃ ከፈተችው። ባጃጁ ላይ ዑግባድ ማዘንጊያን ደረቷ ላይ አስደግፋ ይዛት ሄደች፤ እኔ ከዳሂር ጎን በግማሽ መቀመጫ። መንገዱን ሁሉ «አዴር፣ ያዝ፣ እንዳትወድቅ» ይለኛል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀስ በል እለው ነበር።

መስከረም 25፣ ቅዳሜ

ሌሊቱን አልፋለች። ግሉኮሱ ይንጠባጠባል። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን አነበብኩት፤ ስኳርና ጨው ነው የሚበዛው። ዑግባድ ጆግ ውስጥ ያደረገችው ማለት ነው።

የትናንቱን ልጻፈው፤ አልወጣልኝም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ዶክተር ዲና ይሏታል። ደሟን አስመርምራ፣ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌቷ በጣም ወርዷል፣ እንኳን ዛሬ አመጣችኋት፣ ነገ ቢሆን... ብላ አቋረጠችው። ቀጥላ፣

«ለቁርጥማቱ ምን ወሰደች? አስፕሪን? አይቡፕሮፌን? ዲክሎፌናክ?»

ስምረት ወለሉን አየች። ልጄ ዋሽታ ልትሸፍነኝ እንደሆነ ገባኝ። ውሸት አልወድም።

«ዲክሎፌናክ። እኔ ነኝ የሰጠኋት።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ፊቷን አየሁት። «ስንት ወሰደች አባቴ? ይሄ በዚህ በሽታ ላይ መድማቱን ያብሰዋል፤ ማወቅ አለብኝ።»

ለመቁጠር ሞከርኩ፤ ቁጥሩ ጠፋኝ።

ማዘንጊያ ዓይኗን ሳትገልጥ «አንድም አልዋጥኩም» አለች።

«እፊቴ ዋጥሽ እንጂ! ምላስሽን አንስተሽ...»

«ከላይኛው ከንፈሬ ሥር ነበር። ስትወጣ ተፋሁት።» ትንሽ አረፈች። «አንተ ምላሴን ነው ያየኸው።»

«እንኳን ተፋሽው እናቴ!» አለች ዶክተሯ። «ጎበዝ!» አንሶላዋን አስተካከለችላት። እኔን አላየችኝም።

ወርክሾፕ ሳለሁ አንድ ነገር ስመረምር ዙሪያውን ሳላይ አልተውም ነበር። ከንፈሯን አላነሳሁም። ባነሳ ኖሮ አገኘው ነበር። አውጥቼ እንደገና አስውጣት ነበር።



መስከረም 27፣ ሰኞ

ፕሌትሌቷ መውጣት ጀምሯል። ዳሂር ሾርባ አመጣ። አልቀመስኩትም፣ በቀጥታ ሰጠኋት።

ዑግባድን ኮሪደር ላይ አገኘኋት። ስለ ሆዳን እግዚአብሔር ያጽናሽ አልኳት። «አምና እኮ ነው ጋሽ ሰይፈ» አለች፤ «ድንኳኑ ደጃፍህ ላይ ነበር የተጣለው። መንገድ ዘጉ ብለህ ለዳሂር ተናግረሃል።» አላስታውስም። ወይም ድንኳኑን አስታውሳለሁ፣ ለምን እንደተጣለ ግን አልጠየቅሁም ነበር። ስለ ጣሳዎቹ ታነሳለች ብዬ ጠበቅሁ። አላነሳችም። ቢያንስ ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

መስከረም 29፣ ረቡዕ

ቤት ገባን። ዓኒሳ መጣች፤ ራሴ ከፈትኩላት። በርሜሎቹ ላይ ያን ኬሚካል ጨመረች። ማሸጊያውን ተቀብዬ አነበብኩት እንጂ አልከለከልኳትም። ግቢውን ዞርኩ፤ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አሮጌ ጎማ፣ ከዶሮ ቤቱ ጀርባ የተሰበረ ገንቦ፣ የዝናብ ውሃ ይዘዋል። ጎማውን በቢላ በሳሁት። ገንቦውን ሰበርኩት። በየሳምንቱ ዕቃውን ሁሉ በሽቦ መፈግፈግ የእኔ ሥራ እንዲሆን ወስኛለሁ። ያዘዘኝ የለም።

ቀን ላይ ክንዴ ላይ አንዲት ቢምቢ አረፈች። እግሮቿ ነጭና ጥቁር ዥንጉርጉር ናቸው። በጠራራ ፀሐይ። መታኋት፤ ደም ነበራት። የማን እንደሆነ አላውቅም።

ጥቅምት 3፣ እሑድ

ማዘንጊያ ዛሬ ግቢ ወጥታ ተቀመጠች። ከስታለች፣ ጸጉሯም ይነቀላል፤ ይመለሳል ተብሏል። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ከጎኗ ወንበር አመጣሁ።

ዕለቱን ሁሉ አንድ ነገር ሳብላላ ነበር። መድኃኒቱን ማን አስተፋት? ዓኒሳ በር ላይ ስትንሾካሾክ ነው? ዑግባድ ናት? ይህን ሳላውቅ ማደር አልቻልኩም።

«ማዘንጊያ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያን ክኒን እንዳትውጪ ያለሽ ማን ነው?»

«ነገርኩህ እኮ። ሁሉም አትውሰጂ አሉኝ፤ አንተ ውሰጂ አልከኝ። ማንን እንደማምን የወሰንኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም? አልውጥም፣ ይገድለኛል ብለሽ ለምን ፊት ለፊት አትነግሪኝም? ለምን ትደብቂኛለሽ?»

«ብነግርህ ትሰማኝ ነበር?»

«እሰማሽ ነበር» አልኳት።

አየችኝ። መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ሆዷን ይዛ፣ አፏን ከፍታ ሳቀች። ዑግባድ «ምን ተገኘ?» ብላ ከግድግዳው ማዶ እስክትጣራ። እኔ አልሳቅሁም። ጎንበስ ብዬ አፏን አየሁ፤ ከላይም ከታችም፣ ከንፈሯ ሥር ሳይቀር።

ደም የለም።